ከነጥቧ በኋላ ያለው ጥቅል

ሲኒማ ቤቱ የቀጠረኝ ለጽዳት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ግን መጥረጊያ ሳልነካ ዋልኩ። ገና በዋናው በር ስገባ አንድ ሽማግሌ ደረጃው ሥር ቆሞ ብቻውን ይራገማል። ስታንሊ ይባላል፤ ዋና አጫዋቹ እሱ ነው። ረዳቱ ቀርቶበት በቆርቆሮ የታሸጉትን የፊልም ጥቅሎች ወደ ላይ የሚያወጣለት ሰው አጥቷል።

"እጅሽ ጠንካራ ነው?" አለኝ።

"ልጆች አሳድጌበታለሁ" አልኩት።

ሳቀና ሁለት ቆርቆሮ አሸከመኝ። የዚያን ቀን የወጣሁትን ደረጃ ማሽኖቹ እስኪነቀሉ ድረስ ስወጣው ኖርኩ።

የአጫዋቹ ክፍል ጠባብና ሙቅ ነበር። ሁለት ትልልቅ ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመው በትንንሽ መስኮቶች ወደ አዳራሹ ያያሉ። ለምን ሁለት እንደሆኑ ለወጣቶቹ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ይህን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። የድሮ ፊልም በአንድ ጥቅል አያልቅም። አንደኛው ማሽን አንዱን ጥቅል ሲያጫውት ሁለተኛው ላይ ቀጣዩ ተጠምዶ ይጠብቃል። ያኛው ሲያልቅ ይኼኛው ይቀበላል። ተመልካቹ ምንም ሳያውቅ መቀባበል አለባቸው። የሥራው ነፍስ ይህ ቅብብል ነው።

ስታንሊ ያን ቀን ምሳውን እየበላ በጣቱ እያሳየ አስተማረኝ። "ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ፣ በቀኝ በኩል ላይኛው ጥግ፣ አንዲት ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ታስነሻለሽ። ነጥቧ ዳግመኛ ስትመጣ ታቀባብያለሽ። የመጨረሻው ጥቅል ግን ነጥብ የለውም። ከሱ በኋላ የሚመጣ ነገር ስለሌለ።"

"ተመልካቹ ነጥቧን ሲያያት ምን ይላል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ተመልካች ነጥብ አያይም" አለኝ። "ነጥቧን የሚያየው አጫዋች ብቻ ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልም እንደ ሰው ማየት አልቻልኩም። ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር በነበረው አፓርትመንታችን ልጆቼ አሮጌ ፊልም በቴሌቪዥን ከፍተው ሲያለቅሱ እኔ ጥጉን አያለሁ። ነጥቧ ብልጭ ስትል "መጣች!" እላለሁ። ባለቤቴ "ይቺ ሴትዮ ለየላት" ይል ነበር።

ጽዳቱን ይዤ ለረዥም ጊዜ ሠራሁና ረዳት አጫዋች፣ ቆይቼም ሁለተኛ አጫዋች ሆንኩ። ከሁለተኛ በላይ ዋና ነው፤ ዋናው ደግሞ ስታንሊ ነው። "አትቸኩዪ፣ ሲጋራ አጫሽ ነኝ" ይለኝ ነበር። በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። እሱ ሳይሞት ሥራው ቀድሞ ሞተ።

ከሁሉ የምወደው ምርመራውን ነበር። አሮጌ ኮፒ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ በሁለት መዘውሮች መካከል ይወጠራል። ጓንት አድርጌ በቀኝ እጄ እያዞርኩ ፊልሙን በግራ እጄ ጣቶች መካከል አሳልፈዋለሁ። ፊልም የሚመረመረው ከዐይን ይልቅ በጣት ነው። ጠርዙ የተቀደደ ከሆነ ጣት ይይዛል፤ ድሮ የተቀጠለበት ቦታ ከላላ ይንቋቋል። በጣም ያረጀው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። የተቀደደውን ጥርት ባለ ፕላስተር ጠግኜ አልፋለሁ። አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ኮፒው የኛ አይደለም። አንዲት ምስል እንኳ ቆርጠን አንጥልም፣ አንድ ጥቅል እንኳ አናስቀርም። ስታንሊ ይህን ሲናገር የቄስ ፊት ነበረው።

ጋሽ ዩሱፍ የመጡት በብርድ ወቅት፣ ባርኔጣቸው ላይ በረዶ ተሸክመው ነው። ቲኬት ቆራጯ ልጅ ጠርታኝ ስወርድ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው የግድግዳውን ፖስተሮች ያያሉ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ ሰምተው ነው የመጡት።

"ሴት ኦፕሬተር አለች ሲሉኝ ውሸት መስሎኝ ነበር። አቦ፣ እውነት ነው እንዴ!" አሉኝ።

በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የሲኒማ ኦፕሬተር ነበሩ። እኛ አጫዋች የምንለውን እሳቸው ኦፕሬተር፣ ክፍሉን ደግሞ ካቢና ይሉታል። አሁን ከባለቤታቸው ከእማማ ዘይነባና ከልጃቸው ከሙና ጋር ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ይኖራሉ። ወደ ላይ ይዣቸው ወጣሁ። ደረጃው ጉልበታቸውን ሲያማቸው አይቻለሁ፤ ማሽኖቹን ሲያዩ ግን ጉልበት የሚባል ነገር ረሱ። አንደኛውን ማሽን እንደ ፈረስ አንገት ዳበሱት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አውቶቡስ ይዘው ይመጡ ነበር። ጥግ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው የኔን ሥራ ይቆጣጠራሉ። "ቀበቶው ይጮሃል፣ አትሰሚም?" ይሉኛል። ስታንሊ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። ቀበቶው እውነትም ሲጮህ ሰማና ሻይ ያፈላላቸው ጀመር። ሁለቱ ብዙም በቋንቋ አይግባቡም፤ በእጅ ምልክት ግን ስለ ማሽን ሲከራከሩ ይውሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ዲጂታሉ ሊመጣ መሆኑ ተነገረን። ፍሪጅ የሚያህል ሣጥን ነው፤ ጥቅል የለውም፣ ነጥብ የለውም፣ አጫዋችም አያስፈልገው። ሥራ አስኪያጁ "የሰው ችግር አይደለም፣ የዘመን ነው" አለን። ስታንሊ አልተከራከረም። ማሽኖቹ ከመነቀላቸው በፊት የመሰናበቻ ፕሮግራም አድርጎ የድሮ ፊልሞችን ማጫወት ብቻ ጠየቀ። ተፈቀደለት።

ለዚያ ፕሮግራም ከመጡት ኮፒዎች አንዱ በስምንት ጥቅል የተከፈለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ባለቤቱ የስታንሊ ወዳጅ የሆነ ሰብሳቢ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ መጥቶ ሊወስደው ተስማምቷል። ፊልም መናገር የጀመረበት ሰሞን የተሠራ ስለሆነ ተዋንያኑ ሲያወሩ እንደ በረዶ ይቆማሉ። ማይክሮፎኑ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቋል፤ የፍቅር ቃላቸውን ሁሉ የሚናገሩት ለአበባው ነው። ታሪኩ የሰርከስ ነው። ገመድ ላይ የምትሄድ ልጅና የሰርከሱ ጥሩምባ ነፊ ይዋደዳሉ። እሱ ካልነፋላት ገመዱ ላይ አትወጣም።

ጠረጴዛው ላይ ወጥሬ ስመረምር ጋሽ ዩሱፍ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። አንዷን ምስል ብርሃን ላይ ስይዛት ተነሡ። ማጉያ መነጽሬን ተቀብለው አዩ።

"ይቺ እኮ የገመዷ ልጅ ናት!" አሉ።

ድሬዳዋ ያኔ ፊልም በፈረንጅ ስሙ አይጠራም ነበር። ሕዝቡ አይቶ ሲወጣ የራሱን ስም ያወጣለታል። ጋሽ ዩሱፍ ስለዚህ ፊልም ስንት ዓመት ሲጠይቁ ኖረው ያጡት ለዚህ ነው፤ "የገመዷ ልጅ" ብሎ ነገር የትም አልተጻፈም። እማማ ዘይነባ ይህን ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ አይተው በሕይወታቸው ሁሉ ሲያወሩት ነበር። አሁን ደግሞ ታመዋል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ጨርሰው ቤትዎ ይሁኑ ብለዋቸዋል። የቀራቸው ምኞት ይህን ፊልም ደግመው ማየት ነበር።

"እንግዲህ ተገኘ፣ ይምጡና ይዩት" አልኩ በደስታ።

ጋሽ ዩሱፍ ግን ደስ አላላቸውም። ቆርቆሮዎቹን በጣታቸው እየነኩ ሄደው ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይቺን አላየችም" አሉ።

ነገሩን ያኔ አጫወቱኝ። የእማማ ዘይነባ ታላቅ እህት ባገባች በወሩ በወባ ሞታለች። ከዚያ ወዲህ እማማ ዘይነባ ሠርግ ሲባል ይንቀጠቀጡ ነበር። ከጋሽ ዩሱፍ ጋር ተጫጭተው ኒካው በሳቸው ፍርሃት ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። በዚህ መሀል የገመዷ ልጅ መጣ። ኦፕሬተር ፊልም ሲመጣለት አስቀድሞ ብቻውን ያየዋል። ጋሽ ዩሱፍ አዩት። ሰባተኛው ጥቅል የሚያልቀው በሠርግ ነው፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ይጨፍራል። በስምንተኛው ሙሽራዋ በሠርጓ ማግስት ገመዱ ላይ ትወጣለች። እሱ ጥሩምባውን ይነፋል። ትወድቃለች። ጥሩምባው የመጋዝ ብናኝ ላይ ወድቆ ይታይና ፊልሙ ያበቃል።

"ለኢድ ከአክስቶቿ ጋር እንደምትመጣ አውቃለሁ" አሉኝ። "ይህን ካየች ኒካው ቀረ ማለት ነው። ምን ላርግ? ስምንተኛውን ጠረጴዛ ሥር ሸጎጥኩት። ሠርጉ ሲያልቅ መብራት አበራሁ፣ መጋረጃ ዘጋሁ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ ግሪኩ፣ ደጅ ሆኖ ቲኬት ይሸጣል፣ ምን ያውቃል! ሕዝቡ አጨብጭቦ ወጣ። በወሩ አገባችኝ።"

"ታዲያ ዛሬስ?" አልኳቸው።

"ዛሬማ ጭራሽ። ሞት አፍንጫዋ ሥር ቆሞ ሙሽራዋ ስትወድቅ ላሳያት? ሰብልዬ፣ ሰባተኛው ላይ አቁሚልኝ።"

ለስታንሊ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሰው ቲኬት ቆርጦ ለሚያየው ፊልም መጨረሻውን ማስቀረት አይሆንም አለ፤ ትክክል ነበር። እኔም ሌላ መልስ አልጠበቅኩም። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰና "ጠዋት የሙከራ ማጫወት አለብን" አለኝ። እውነት ነው፤ አሮጌ ኮፒ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ድምፁና ብርሃኑ በባዶ አዳራሽ ይሞከራል። "በሙከራ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ እኔ አላይም። ሰባቱን ሞክሪ። ስምንተኛውን እነሱ ሲሄዱ እኔና አንቺ እንሞክረዋለን።"

ሙና እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አመጣቻቸው። እማማ ዘይነባ ከስተው ልብሳቸው ብቻ የቀረ ይመስል ነበር፤ ሽቶ ግን ተቀብተዋል፣ እጃቸውን ሒና ሞቀዋል። ሙና ጆሮዬ ላይ "ሌሊቱን ሙሉ ፔይን ነበራት፤ ካንስል ላድርገው ስላት ተቆጣችኝ" አለችኝ። መሀል ረድፍ ላይ አስቀመጥናቸው። ጋሽ ዩሱፍ አጠገባቸው እንዲቀመጡ ብለምናቸው እንቢ አሉ። "ኦፕሬተር አዳራሽ አይቀመጥም" ብለው ከኔ ጋር ወደ ላይ ወጡ።

እኔ አቀባበልኩ፣ እሳቸው የአዳራሹን መብራት ማብሪያ ይዘው ቆሙ። ሠርጉ መጣ። ጭፈራው አለቀ። ነጥቧ ብልጭ አለች። ሁለተኛው ማሽን ባዶ ነበር፤ ልማድ ሆኖ እጄ ወደ ሞተሩ ሄዶ ተመለሰ። ጋሽ ዩሱፍ መብራቱን ቀስ አድርገው ከፈቱ። ከታች ጭብጨባ ሰማን። የአንድ ሰው ጭብጨባ ነበር፣ ደካማ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

ሙና መኪናዋን ወደ በሩ ልታቀርብ ወጣች። ጋሽ ዩሱፍ ጥቅሉን ራሴ ካላጠነጠንኩ ብለው ላይ ቀሩ። እኔ እማማ ዘይነባን ላቆይ ወረድኩ። እጄን ያዙኝ።

"ነጥቧ መጣች፣ አይደል?" አሉኝ።

ክው አልኩ። "የምን ነጥብ፣ እማማ?"

"እኔ ፊት አታስመስዪ። ያኔም መጥታ ነበር።" ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ይስቃሉ። "ከመጋባታችን በፊት መነጋገር ክልክል ነበር። በወንድሜ በኩል ይልክብኝ ነበር፦ 'ጥጉ ላይ ነጥብ ስታዪ ማሽኑን የማቀባብለው እኔ ነኝ፣ ያኔ አስቢኝ' እያለ። እኔ እኮ ፊልሙን አይቼ አላውቅም፣ ነጥቧን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ነጥቧ ከመጣች ሌላ ጥቅል አለ። በዚያ ኢድ መጣች፣ እሱ ግን መብራት አበራ።"

"ታዲያ ያኔውኑ ገባዎት?"

"ክፉ ነገር ከኋላ እንዳለ ገባኝ። ጥሩ ቢሆንማ ለምን ይደብቀኛል? እንዳልፈራ ብሎ ነው። እንዲህ ከሚያስብልኝ ሰው ጋር ፍርሃቴን ይዤ ልግባ አልኩና ገባሁ።"

"ለምን አልነገሯቸውም?"

"ደብቄያታለሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ደስታውን ለምን ልቀማው? አንቺም እንዳትነግሪው፣ ቃል ግቢልኝ።" ገባሁላቸው። መጨረሻው ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ፊልሙን ያን ማታ ለሕዝብ ሙሉውን አጫወትን። በስምንተኛው ጥቅል ጥቂት ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ። እኔ የማስበው መሀል ረድፍ ላይ ስለነበረችው ባዶ ወንበር ነበር።

እማማ ዘይነባ ብዙ አልቆዩም። ፍሌሚንግደን ፓርክ ለቅሶ ደረስኩ። ሊፍቱ እስከ ላይ ሰው እንደጫነ ይመላለሳል። ጋሽ ዩሱፍ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "አላህ ይርሐማት" ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ሙና ሳሎኑ በር ላይ "ሂ ዎንት ኢት፣ ምንም አይበላም። 'ዋሽቻታለሁ' ብቻ ነው የሚለው" አለችኝ።

ማሽኖቹ በሚነቀሉበት ዋዜማ ግን ጋሽ ዩሱፍ መጡ። ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ጊዜ አረፉ። ስታንሊ ዕቃውን ያሽጋል፤ ሲያያቸው ማሸጉን ትቶ ወንበር ሰጣቸውና ወጣልን። የገመዷ ልጅ ኮፒ ገና መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ሰብሳቢው ሊወስደው በማግስቱ ይመጣል።

"ሰብልዬ፣ በውሸት አገባኋት" አሉኝ። "ከነውሸቴ ቀበርኳት። አንድ ቀን እንኳ እውነቱን ብነግራት ምን ነበረበት? ፍርሃቷን አምኜ አብሬያት አልፈራሁም። እንደ ሕፃን አታለልኳት። አላህ ይህን ይጠይቀኛል።"

እማማ ያሉኝን ብነግራቸው ይገላገሉ ነበር። ቃሌ ግን ያዘኝ። ሟች ያስገባችኝን ቃል ማፍረስ አልሆነልኝም፣ ቋሚውንም ሰው እንዲህ ማየት አንጀቴን በላው። ሰባተኛውን ጥቅል አወጣሁና አንደኛው ማሽን ላይ ጠመድኩ። ስምንተኛውን ሁለተኛው ላይ ጠመድኩ።

"ጋሽ ዩሱፍ፣ ይውረዱና እማማ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"እኔ አዳራሽ አልቀመጥም።"

"ዛሬ ይቀመጡ። ስለሳቸው ብለው ይቀመጡ።"

 የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። በትንሿ መስኮት አያቸዋለሁ፤ በባዶው አዳራሽ መሀል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። በሕይወታቸው አንድ ፊልም እንኳ ከአዳራሹ ወገን አይተው አያውቁም። አስጀመርኩ። ሠርጉ መጣ፣ ጭፈራው መጣ። ነጥቧ በቀኝ ጥግ ብልጭ አለች፣ ከታች ስትታይ እንደ ጨረቃ ጉልህ ናት።

ጋሽ ዩሱፍ ብድግ አሉ። ባርኔጣቸው ወደቀ።

አላቀባበልኩም። ጥቅሉ አለቀና ስክሪኑ ነጭ ሆነ። በደረጃው ሲወጡ እግራቸውን ሰማሁ፤ ይህን ጊዜ አላረፉም። በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኳቸው።

"ነጥቧ ስትመጣ አስቢኝ ብያት ነበር" አሉ። "በወንድሟ ልኬባት ነበር። እንዴት ረሳሁት? አይታለች! ያን ቀን አይታለች።" ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። "ነግራሻለች? ሰብለ፣ ነግራሻለች?"

"እኔ ምንም አልነገርኩዎትም" አልኳቸው።

ገባቸው። በርጩማው ላይ ተቀመጡና ጮክ ብለው አለቀሱ፤ የለቅሶው ቀን ያላለቀሱትን ነው ያለቀሱት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ሲበርድላቸው "ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር" አሉ። "አብራኝ ነው የተሸከመችው።"

ቆይተው ተነሡና በሁለቱ ማሽኖች መካከል ቆሙ። "መልሰሽ ጥመጅው" አሉኝ። ሰባተኛውን አጠንጥኜ ጠመድኩ። ጭፈራው እንደገና መጣ። ነጥቧ ብልጭ ስትል የሁለተኛውን ማሽን ሞተር አስነሡ። ዳግመኛ ስትመጣ አቀባበሉ። እንደዚያ ያማረ ቅብብል ከስታንሊ እጅም አላየሁም። ድሬዳዋ ላይ ያስቀሩትን ጥቅል እስከ መጨረሻው ቆመው አጫወቱት። ጥሩምባው ብናኙ ላይ ሲወድቅ "እሺ፣ ዘይነባ" አሉና መብራቱን አበሩ።

በማግስቱ ሠራተኞች መጥተው ማሽኖቹን ፈቱ። ስታንሊ ጡረታ ወጣ፣ እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። በዚህ ሥራ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ስታንሊ በመጀመሪያው ቀን ካስተማረኝ አንዱን ብቻ አርሙልኝ። ነጥቧን የሚያየው አጫዋቹ ብቻ አይደለም።